የትንሿ ሳህን ባለቤት

ላስ ቬጋስ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄራን ተክለማርያም፣
አሪታ፣ ጃፓን

ሄራንዬ፣ እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምርና መልሱንም እኔው ልጨርሰው፤ «ደህና ነኝ» ነው የምትይኝ። ስልክ ላይ ይህንኑ ተባብለን ስለምንዘጋ እኮ ነው ወደ ደብዳቤ የዞርነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እኔና አንቺ በስልክ ቃል አይወጣንም። ወረቀት ላይ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወሬኞች ሆነናል።

ያለፈውን ደብዳቤሽን አርሜ በዚሁ ፖስታ መልሼልሻለሁ። ቀዩ እስክሪብቶ በዛብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚ። ቬጋስ ተወልደሽ ይህን ያህል መጻፍሽን ለጓደኛዬ ለኃይሉ እያነበብኩ ስኩራራበት ነው የከረምኩት።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ጉልበቴ ታክሲውን ከተውኩ ወዲህ ተሽሎኛል። የቤቱ ጣሪያም ተጠግኗል። «ማን ያበስልልሃል?» ላልሽው፣ ሰው አይጠፋም። በዚህ ከተማ ሰው ተርቦ አይሞትም።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ሐሙስ ዕለት ደረሰ። የአሪታው ሱቅ ራሱ ስለላከው ከአንቺ አንዲት መስመር እንኳ አጣሁበት። ገለባና ወረቀት በላይ በላዩ ፈትቼ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አገኘሁ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ። ነጭ ናቸው፤ ከንፈራቸውን ተከትሎ ሰማያዊ አበባ በሰንሰለት ይዞራል። ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ምን እንደማደርግባቸው ግራ ገባኝ። ለምን እኩል አልሆኑም? ኃይሉ ትንሿ ለሚጥሚጣ ነው ይላል። ኃይሉ ደግሞ ያላወቀውን ሁሉ ለሚጥሚጣ ነው ማለት ይወዳል። ሚስቱ ለስኳር ነው ትላለች። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ደግሞ «ሌላ ትልቅ አብሮ ነበረ፤ ተሰብሮ ገለባው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል» ብሎ ገለባውን እንደገና አስበረበረኝ።

ሌላም ነገር አየሁ። በትንሿ ሳህን ላይ አንዷ አበባ ተገልብጣለች፤ ሁሉም ወደ ላይ ሲያዩ እሷ ወደ ታች ታያለች። ጃፓኖችም ይሳሳታሉ እንዴ? ለማንኛውም እንዳይሰበሩ ብዬ ቡፌው ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።

ለእናትሽ ሁለተኛ ሙት ዓመት ግንቦት ላይ ትመጫለሽ ወይ? የመጀመሪያው አምልጦሻልና ቁርጡን ንገሪኝ።

አንድ የምነግርሽ ነገርም ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

አባትሽ ተክለማርያም


አሪታ፣ ጥር 25 ቀን 2017 (ቀኑን በአፕ ነው የለወጥኩት)

አባዬ ሰላም፣

ቀዩን አይቼ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። አመሰግናለሁ። ሁሉንም እንደገና ጻፍኳቸው።

በመጀመሪያ፣ ፕሊስ ቡፌውን ክፈተው! እዚህ እነዚህ ሳህኖች የየቀን ናቸው። ሰው ጠዋት ሩዝ ይበላባቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ማታ እንደገና ይበላባቸዋል። ስጦታም ይሆናሉ፤ ለሠርግ፣ ለአዲስ ቤት። ግን የተሰጠው ሰው ይበላባቸዋል እንጂ አይቆልፍባቸውም። መምህሬ «ሳህን ካልታጠበ አያምርም» ይላል። እኛ ቤት ግን ጥሩ ዕቃ ሁሉ ለእንግዳ ነበር፣ እንግዳውም ሲመጣ እማዬ «ይሰበራል» ብላ በወረቀት ሳህን ታቀርብ ነበር። ትዝ ይልሃል?

ሥራዬ ጥሩ ነው። ካዚኖ ውስጥ ሜኑ ዲዛይን ሳደርግ አንድ ቀን ሙሉ የሠራሁትን አለቃዬ በአንድ ቁልፍ ያጠፋው ነበር። እዚህ ብሩሽ ካነሳህ ማጥፋት የለም። የመጀመሪያውን ዓመት ሳህን ላይ መስመር ብቻ ነው የቀባሁት። አሁን አበባ ተፈቅዶልኛል። የማድርበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ኖሪኮም ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች። ባሏ የሞተባት መሆኑን ነግሬሃለሁ።

ከሁለቱ ሳህኖች ትልቁንና ትንሹን የቀባን ሁለት ሰዎች ነን። አንዱን መምህሬ፣ አንዱን እኔ። የቱን እንደቀባሁ ገምት። ይህን ካወቅህ ሌላውንም ታውቃለህ።

ትንሹ ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ። በአማርኛ እንዴት እንደምለው እየተለማመድኩ ነው። በእንግሊዝኛ ቀላል ነበር፣ ግን ይህ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲሆን አልፈለግሁም።

ለግንቦት እመጣለሁ። ቲኬት ገዝቻለሁ።

ወረቀቱ አለቀብኝ ያልከው ምንድን ነው? ከኋላው ባዶ ነው።

ሄራን


ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄራን፣

ይህን የምጽፈው ደስታና እፍረት ተደባልቀውብኝ ነው።

ገምት ያልሽውን በመጀመሪያ ልመልስ። ትልቁን ነው የቀባሽው። ትንሿ ላይ ስህተት አለ፤ አንቺ ደግሞ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ከመስመር ወጥተሽ ቀለም ቀብተሽ አታውቂም። አገኘሁት አይደል?

የትንሿን ጉዳይ ግን እስክትጽፊልኝ መጠበቅ አቃተኝ። ጠቅልዬ ወደ ቻይናታውን ነዳሁ። ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ የጃፓን ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ አለች። ሱቋ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ገባሁና ሁለቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ገና ስታያቸው ሳቀች።

«ሃዝባንድ፣» አለች ትልቁን እየነካች። «ዋይፍ፣» አለች ትንሿን።

«እንዴት ማለትሽ ነው?» ብላት፣ ትልቅና ትንሽ አድርገው የሚሠሩት ለባልና ለሚስት መሆኑን፣ ለተጋቢዎች እንደሚሰጥ አስረዳችኝ። ከዚያም እጄን ጨብጣ «ኮንግራጁሌሽንስ» አለችኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ለካስ አውቀሻል! ዮርዲ ናት ከቤተ ክርስቲያን ሰምታ የነገረችሽ? ጓደኛሽ ስለሆነች አልፈርድባትም። እኔ ከገና ጀምሮ እንዴት ልንገራት እያልኩ ወረቀት ሳስጨርስ፣ አንቺ ቀድመሽ ባርከሽ ላክሽልኝ። በዚያ ላይ በአማርኛ እስክትለማመጂ ነው የዘገየሽው። ምን ዓይነት ልጅ ነው የሰጠኝ አልኩ፤ አለቀስኩም፤ ምን እደብቅሻለሁ።

እንግዲህ ካወቅሽ አይቀር ከእኔ አፍ ስሚው። ወይዘሮ ላቀችን ታውቂያታለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን በሴቶቹ በኩል ከኋላ የምትቆመው ረጅሟ። ካዚኖ የዩኒፎርም ላውንድሪ ውስጥ ስትሠራ ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። የምትኖረው ቦልደር ሲቲ ነው። ቁማር በሌለበት ከተማ እንቅልፍ ይመጣል ትላለች። እናትሽ ስታርፍ ምግብ ይዘው ከሚመጡት አንዷ ነበረች። ሌሎቹ ከአርባው በኋላ ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ እሷ ቀጠለች። መኪናዋ ሲበላሽ እኔ ማመላለስ ጀመርኩ። ከዚያ መኪናዋ ተሠራ፣ እኔ ግን ማመላለሱን አልተውኩም። ነገሩ ይኸው ነው። ማን ያበስልልሃል ላልሽው መልሱም ይኸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ካህኑ ባሉበት በጸሎት ለመጋባት አስበናል።

ባለፈው እሑድ ትንሿን ሳህን ወስጄ ሰጠኋት። «ሄራን የላከችልሽ ነው» አልኳት። ተነስታ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አዙራ አዙራ አየቻትና የሳህኗን ከንፈር ሳመችው። ሳህን የሚስም ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እስክሄድ ድረስ ብዙም አልተናገረችም፤ ደስታዋ በዝቶባት ነው።

የእናትሽን ቦታ ማንም እንደማይወስደው አንቺም እኔም እናውቃለን። ይህን ሳታስነግሪኝ ስለተረዳሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እድግ በይልኝ።

ደስ ያለው አባትሽ


አሪታ፣ የካቲት 11 ቀን 2017

አባዬ፣

የመጨረሻው ደብዳቤህ ገና አልደረሰኝም፣ ግን አማርኛዬ ስለተዘጋጀ ልጽፈው ነው። ኖሪኮ ገበያ ሄዳለች፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

የትንሹ ሳህን ባለቤት እማዬ ናት።

በየጠዋቱ ኖሪኮ ሩዝ ስታወጣ መጀመሪያ ለራሷ አታደርግም። የባሏ ፎቶ ያለበት ትንሽ ሣጥን ግድግዳው ጋ አለ። በእሱ ሳህን ትንሽ ሩዝ አድርጋ ፊቱ ታስቀምጣለች። «በላህ?» ምናምን ትለዋለች። ከዚያ ነው እኛ የምንበላው። መጀመሪያ ሳይ ዊርድ ነገር ነው አልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቆሜ ሳያት አለቀስኩ። እኔ ለእማዬ ምንም የማደርግላት ነገር የለም። ሙት ዓመቷ ላይ አልነበርኩም። እናንተ ዝክር ስታደርጉ እኔ እዚህ መስመር እቀባ ነበር።

ስለዚህ መምህሬን የባልና ሚስት ሳህን እንሥራ አልኩት፤ ለአባቴና ለእናቴ። አበባውን ከየት እንዳመጣሁት አውቀኸዋል አይደል? የእማዬ ነጠላ ጥለት ነው። ሰማያዊው፣ እሑድ እሑድ የምትለብሰው። የነጠላውን ፎቶ ላክልኝ ብል ምስጢሩን ታውቅብኛለህ ብዬ ከትዝታዬ ነው የሳልኩት። መምህሬ ትልቁን ሲቀባ ሁሉንም አበባ ቀጥ አደረገው። እኔ ትንሹን ስቀባ አንዷን ገለበጥኳት። ሸማኔው ተሳስቶ አንዷን ገልብጧት ነበር፣ እማዬ ደግሞ «ይቺ እኔ ነኝ» ትል ነበር። ልጅ ሆኜ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ ያቺን አበባ በጣቴ እፈልጋት ነበር። መምህሬ ስህተት ነው አለኝ። አይደለም አልኩት።

አንተ ያንን ጥለት ሠላሳ ዓመት አይተኸዋልና ወዲያው እንዳወቅኸው እርግጠኛ ነኝ። ዝም ያልከው እኔ እስክናገር እየጠበቅህ ነው።

ትንሹን ፎቶዋ ፊት አድርግልኝ። ጠዋት ስትበላ መጀመሪያ ለእሷ። አድርገህ በስልክ ፎቶ ላክልኝ፤ ለፎቶ ደብዳቤ አያስፈልግም።

ሄራን


ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄራን፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። መልሱን ደጋግሜ ጀምሬ ቀደድኩት።

የእኔና የአንቺ ደብዳቤዎች አየር ላይ ተላልፈዋል። የእኔ ገና ካልደረሰሽ፣ ሲደርስሽ ሳትከፍቺ መልሺው። ከደረሰሽ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ፎቶ ላክ ብለሻል። ሳህኗ ቤት የለችም።

ሱቋ ያለችው ሴትዮ አልዋሸችኝም፤ አንቺም አልተሳሳትሽም። እኔ ብቻ ነኝ መሐል ላይ የጠፋሁት። ያቺን አበባ በገዛ ጣቴ ነክቼ «ጃፓኖችም ይሳሳታሉ እንዴ» ብዬ ጽፌልሻለሁ። ያንን ደብዳቤ ጣዪልኝ።

ይህን አሁን አላረምኩትም፤ የአንቺንም አላረምኩትም።

አባትሽ


አሪታ፣ የካቲት 26 ቀን 2017

አባዬ፣

የየካቲት 9 ደብዳቤህ ደረሰኝ። ዮርዲ ምንም አልነገረችኝም። ማንም ምንም አልነገረኝም። እኔ ምንም አላውቅም ነበር! ምን እንደባረክሁ ራሱ ከአንተ ነው የሰማሁት።

አልገባኝም። እትዬ ላቀች? ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከረሜላ የምትሰጠኝ? እሷን አልጠላትም። የምጠላው ሰው ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። አንተን ልበል? ራሴን ልበል? «ለእማዬ ነው» ብዬ በአንድ መስመር ብጽፍ ምን ነበር? አንተስ «ላቀች» ብለህ በአንድ መስመር ብትጽፍ ምን ነበር?

እናቴን ነው ለሰው የሰጠኸው። ሳታውቅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት አጠገቧ ተቀምጠህ ልብሷን አላየኸውም? ቀባሁት፣ ምድጃ ገባ፣ እንዳይሰነጠቅ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። አንተ ስህተት ነው አልክ።

ለግንቦት ልምጣ ወይስ ቲኬቱን ልመልስ፣ አላውቅም። ወደየትኛው ቤት ነው የምመጣው? ሳህኑን አስመልስልኝ ልልህ እፈልጋለሁ፣ ደግሞ የተሰጠ ነገር እንዴት ይመለሳል?

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። በላችበት ወይ?

ብትደውል አላነሳም። ጻፍልኝ። ቀይ እስክሪብቶ ደግሞ እንዳላይ።

ሄራን


ላስ ቬጋስ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄራንዬ፣

አልበላችበትም።

ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት ቀሪውን ባታነቢው እንኳ ይህን እንድታነቢ ብዬ ነው። ካነበብሽው ግን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ ቦልደር ሲቲ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ «ስጦታዬን መልሺልኝ» እንዴት እንደሚባል ሳስብ ነበር። በእኛ አገር የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፤ በተለይ ለማገባት ሴት። «ሄራን ለፎቶ ፈለገቻት» ልበላት? «ተሰንጥቃ እንደሆን ልያት» ልበላት? ቤቷ ስደርስ የትኛውን ውሸት እንደመረጥኩ ጠፋኝ።

በሩን ከፈተችልኝና ፊቴን አየችው።

«ደብዳቤ መጣ?» አለችኝ።

«መጣ።»

ወደ ውስጥ ገባች። ሳህኗን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ከሥዕለ ማርያም ሥር ከነበረችበት አንስታ አመጣች፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ተክሌ፣ ይህን ጥለት የለበሰችውን ሴት ስንት እሑድ ከኋላዋ ቆሜ አስቀድሻለሁ» አለች። «አበባዋን ተገልብጣ ሳያት ያወቅኋት ያኔውኑ ነው። የራሄል ናት።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ደስ ብሎህ ነበራ። እንዲህ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ደግሞ ግራ ገባኝ። ልጅቷ አውቃ ልካለች ብለኸኛል። የእናቴን ቦታ ውሰጂ ነው ያለችኝ? ወይስ የማን ቦታ እንደሆነ አትርሺ ነው ያለችኝ? ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ፤ አንዴ ምርቃት ይመስለኛል፣ አንዴ ተግሣጽ። አንተን እንዳልጠይቅህ ደግሞ ጥለቱን እንዳላወቅኸው ገባኝ።»

«እንዴት ገባሽ?»

«ብታውቀውማ ይዘኸው አትመጣም ነበር።»

ልጄ፣ ተሸማቀቅሁ። እናትሽን እወዳት ነበር፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ሳያት ፊቷን ነበር የማየው። ታክሲ ስነዳ ሰዓት ተሻምተን እንገናኝ ስለነበር፣ እሷ ከሺፍት ስትገባ እኔ ስወጣ፣ ያለችኝን ደቂቃ ፊቷን በማየት ነው የጨረስኳት። ይህ ሰበብ ይሁን ምክንያት እኔም አልለየልኝም።

ላቀች ሳህኗን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «ውሰዳትና ለባለቤቷ ስጣት» አለች። «ካህኑ ጋ ግን ቀን አታስቆርጥ። ልጅቷ አፍ አውጥታ እስክትናገር እኔ የማንንም ቤት አልገባም። እንቢ ካለችም እንቢ ነው፤ አልቀየማትም፤ ከረሜላዋንም አላቋርጥባትም።»

ቆርጣ ነው የተናገረችው። እኔም «እሺ» ከማለት ሌላ ምን አቅም አለኝ? ስለዚህ ነገሩ በአንቺ እጅ ነው ያለው። አላስጨንቅሽም። ላቀችን ማጣት ይከብደኛል፤ አንቺን ማጣት ግን አልችለውም። ይህን ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ።

ሳህኗ አሁን የእናትሽ ፎቶ ፊት ናት። ወደየትኛው ቤት ነው የምመጣው ላልሽው፣ ወደ ቤትሽ ነዋ።

አባትሽ ተክለማርያም


አሪታ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017

አባዬ፣

ደብዳቤህን ለኖሪኮ በተሰባበረው ጃፓንኛዬ ተረጎምኩላት። ነጭ ጨርቁ ጋ ስደርስ አቁሚ አለችኝና መነጽሯን ጠረገች። ከዚያ ቀጥይ አለችኝ።

ገና ግራ ገብቶኛል። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውን ጽፌ አጠፋሁት። አልዋሽህም፣ ገና አልወጣኝም። ግን እትዬ ላቀች ሳህኑን ጠቅልላ ማስቀመጧን ሳነብ የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ ተነሳ። እኔ እሷን ብሆን ኖሮ አላወቅሁም ብዬ እበላበት ነበር መሰለኝ።

ኖሪኮ የነገረችኝን ልንገርህ። በዚህ አገር በአንድ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሩዝ ሳህን አለው። የእሷ የእሷ ነው፣ የእኔ የእኔ። እኔ እዚህ ቤት ስገባ በመጀመሪያው ሳምንት የራሴን ገዛችልኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው እንግዳ አይደለሁም ማለት መሆኑ የገባኝ። ስለዚህ የእማዬ የእማዬ ይሁን። ሰው ያለ ሳህን ግን ቤት አይገባም።

እኔ «እሺ» የሚለውን በአፌ እስክለው ድረስ በእጄ ልሥራው። ለእትዬ ላቀች አንድ እቀባላታለሁ። ሁለት ነገር ላክልኝ። አንደኛ የእጇን ልክ፤ ሳህኑ እጅ ውስጥ ልክ መግባት አለበት፤ ወረቀት ላይ አስቀምጣ በእርሳስ ዙሪያውን አስምርላት። ሁለተኛ ጥለቷ ምን ዓይነት ነው? የእማዬን አልቀባላትም። የራሷን።

ጥለቷን ታውቀዋለህ ወይስ ሄደህ ልታይ ነው?

ሄራን

ቲኬቱን አልመለስኩትም።


ላስ ቬጋስ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ልጅ፣

ሄጄ ነው ያየሁት። አላውቀውም ነበር። «ጥለትሽ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ በስልክ ስጠይቃት ሳቋን መመለስ አቃታት፤ «መጥተህ እየው፣ ትማርበታለህ» አለችኝ። መነጽሬን ይዤ ሄድኩ። ጻፊ እንግዲህ፦ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ የወይራ ቅጠል ሲደርቅ የሚሆነው ዓይነት። ሁለት ሰፋ ያሉ መስመሮች አሉት፤ በመካከላቸው አንዲት ወርቃማ ክር ትሄዳለች። አበባ የለውም። ወርቃማዋ ክር ጫፉ ላይ ሳትደርስ ትቆማለች፤ ሸማኔው አልቆበት ይሁን አስቦበት ላቀችም አታውቅም። ሁሉንም አየሁት፤ ዳሰስኩትም። ሌላ የቀረኝ ያለ እንደሆነ ጠይቂኝና እንደገና ሄጄ አያለሁ።

የእጇ ልክም በዚሁ ፖስታ አለ። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ችግር ተፈጠረ። የእኔንም ከጎኗ አስምሬ አየሁት፤ የእሷ ይበልጣል። ያን ሁሉ ዓመት እርጥብ ዩኒፎርም ስትጠመዝዝ የኖረች ሴት ናት። ታዲያ ባል ማነው፣ ሚስት ማናት? ትልቁን ማን ይውሰድ? ኃይሉን ብጠይቀው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ።

አሁን የምነግርሽን ግን እንዴት እንደምትቀበይው አላውቅም። ደግሞ ደብቄ ኋላ ከምትሰሚው አሁን ልጻፈው።

እንዳልሽኝ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ለእናትሽ ማድረግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሩዝ ቀቀልኩ። ሳስቀምጥላት ትዝ አለኝ፤ ራሄል ሩዝ አትወድም ነበር! ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ የምትበላው ቆሎ ነበር፤ የዩኒፎርሟ ኪስ ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሁለት ጊዜ የተበላሸው በእሱ ነው። ስለዚህ ገብስና ሽምብራ ቆልቼ በትንሿ ሳህን አደረግሁላት። ጾምም ስለሆነ ተስማማ። ስልክሽ ላይ የላክሁት ፎቶ እሱ ነው።

ትናንት ላቀች እጇን ልታስለካ መጣች። ቤቴ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ምግብ ሳትይዝ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፎቶው ፊት ቆማ አማተበች። እኔ እርሳሱን ስቀርጽ ዞር ስል፣ ከእናትሽ ሳህን ቆሎ ዘግና እየቆረጠመች ነው!

«የራሄል ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ» አለች ሳትደነግጥ። «ራሄል መቼ ነው ቆሎ ብቻዋን የበላችው? ቅዳሴ ሲወጣ ዞር ብላ ታዘግነኝ ነበር።» ይህን ብላ ለእኔም በእጄ ቆነጠረችልኝ።

እውነቷን ነው። እናትሽ ኪሷን ሳታራግፍ ሰው አልፋ አታውቅም። ተቀበልኩና በላሁ። ከዚያ ስፈራ አደርኩ። እያንዳንዱ የራሱ ሳህን አለው ብለሽኛል፣ የእማዬ የእማዬ ይሁን ብለሽኛል፤ እኛ ደግሞ በማግስቱ እጃችንን ከተትንበት። ወይዘሮ ኖሪኮ ብትሰማ ምን ትለናለች? ያጠፋነው ነገር ካለ ንገሪኝ፤ ዳግመኛ አይለመደንም። እኔ ግን፣ እውነቱን ከፈለግሽ፣ ስህተት ይሁን ትክክል አልገባኝም። ካረፈች ወዲህ እናትሽ ቤት ውስጥ ያለች የመሰለኝ ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው።

መልስሽን በጉጉት እየጠበቅሁ፣
አባትሽ


የስልክ መልእክት፣ ግንቦት 12

አባዬ፣ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ ስለሚደርስ በስልክ ጻፍኩት። ይቅርታ፣ ሕጋችንን አፈረስኩ።

የእትዬ ላቀችን የእጅ ስዕል መምህሬ አይቶ «ትልቅ ሰው ናት» አለ። ሳህኗ ዛሬ ከምድጃ ወጣ። አረንጓዴው ልክ መጣ። ወርቃማዋን ክር ጫፉ ሳትደርስ አቆምኳት። ከአንተ ሳህን በጥቂት ይበልጣል፤ ትልቁን እሷ ትውሰድ፣ አንተ ቻለው። ሻንጣ ውስጥ አላስገባውም፣ በእጄ ይዤው ነው የምመጣው።

ስለ ቆሎው ወሩን ሙሉ አስቤ አስቤ ኖሪኮን ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። ጠዋት ለባሏ የምታስቀምጠውን ሩዝ ቀን ላይ እኔ ሥራ ስሄድ ራሷ ነው የምትበላው። «ይጣላል መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም፣ አልጠየቅሁም። አንተ ላይ ምን ያህል እንደጮህኩ አስታወስኩ።

ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። እትዬ ላቀችም ኤርፖርት ትምጣ።

ቆሎውን አትጨርሱት።

ሄራን